በሸክላ የሚሠራ ስፖርት



ሰሞኑን አንዲት ወጣት ክሊኒክ መጥታ ነበር። ሁለቱም እግሮቿን ያማታል፤ ከጉልበት በታች፣ በአጥንቱ የውስጠኛው ጠርዝ ላይ። ስጠይቃት ለሦስት ሳምንት በየቀኑ፣ ኮንዶሚኒየሟ ሴራሚክ ላይ በባዶ እግሯ፣ የአንዲት ታዋቂ ሴትን ቪዲዮ እየተከተለች ስትዘል ከርማለች። «ሲያምሽ ለምን አላቆምሽም?» ብላት «እሷ አታቁሙ ትላለቻ!» አለችኝ።

ይሄ የቲክቶክ ዘመን ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። ከስልክም ከቴሌቪዥንም በፊት ሰው ስፖርት ይሠራ የነበረው በሸክላ ነው። አዎ፣ ያው የዘፈን ሸክላ! እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ዋልተር ካምፕ በተባለ ታዋቂ የአሜሪካን ፉትቦል አሰልጣኝ ስም 12 የጠዋት እንቅስቃሴዎች በሸክላ ተቀርፀው ይሸጡ ነበር። ነገሩ የጦፈው ግን በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። በ1982 የፊልም ተዋናይዋ ጄን ፎንዳ የስፖርት ሸክላ አወጣች፣ በዚያው ዓመት ቪዲዮም ወጣ። ሪቻርድ ሲመንስም የራሱን ሸክላ አወጣ፣ እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ተዋናይቷ ፌሊሲቲ ኬንዳል።

እስቲ አስቡት፣ ሸክላ አያሳይም። «እግር ወደ ላይ» ሲል የትኛው እግር፣ ምን ያህል? ገዢው ፎቶውን እያየ ይገምታል። እኔ በጣም የወደድኩት ግን አንድ ነገር አለ፦ የሸክላው አንዱ ገፅ ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል፣ ለመገልበጥ መቆም ግድ ነው። ሳይታሰብ የተገኘ እረፍት! የዛሬው ቪዲዮ እሱንም ነፍጎናል።

ጄን ፎንዳ እዚህ ውስጥ የገባችው በራሷ ጉዳት ነው። የ1979ኙን «ዘ ቻይና ሲንድሮም» ፊልም ስትሠራ እግሯ ተሰብሮ የባሌ ዳንስ ልምምዷን አቆመች፣ ከዚያ ወደ ኤሮቢክስ ዞረች። ያ ሁሉ ሰው ቁመናዋን እያየ ሸክላዋን ሲገዛ ያላወቀው ነገር ነበር፦ ለብዙ ዓመታት ቡሊሚያ (ብዙ በልቶ ሆን ብሎ የማስመለስ ሕመም) እንደነበረባት ኋላ ራሷ በግልፅ ተናግራለች። የምናየው ቁመና ከምን እንደመጣ ከሽፋኑ ላይ አይነበብም።

ከእሷ ጋር የታወቀው መፈክር «ማቃጠሉ ይሰማችሁ» የሚል ነበር። እዚህ ጋር እንደ ሐኪም ልግባ። ጡንቻ ሲሠራ ማቃጠሉ፣ ስናርፍ የሚጠፋ ከሆነ ችግር የለውም፤ ግን ቦርጭ እየቀለጠ ነው ማለትም አይደለም። በማግስቱ የሚመጣው የጡንቻ ሕመምም ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ በርትቶ ይለቃል። የአጥንትና የመገጣጠሚያ ሕመም ግን ሌላ ነው። ዘለን ባረፍን ቁጥር እግራችን ከክብደታችን በላይ ጫና ይሸከማል። አጥንት ከዚህ ጋር የሚላመደው በሳምንታት እንጂ በቀናት አይደለም።

እንደ ልጅቷ ሰፋ ባለ ቦታ የሚያም ከሆነ ብዙ ጊዜ ዝላዩን ለጥቂት ሳምንታት ማቆም፣ በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ መያዝና በጥሩ ጫማ ቀስ ብሎ መመለስ ይበቃል። ሕመሙ በጣት በምትነኩት አንድ ነጥብ ላይ ከሆነ፣ ወይም ተኝታችሁም ካልለቀቃችሁ አጥንቱ ተሰንጥቆ ሊሆን ስለሚችል ታዩ። ከከባድ ስፖርት በኋላ ሽንታችሁ የኮካ ቀለም ካመጣ፣ ወይም ስትሠሩ ደረታችሁን ካፈናችሁ ወይም ራሳችሁን ልትስቱ ከደረሳችሁ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ።

ስንት ይበቃል ለምትሉኝ፦ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፣ በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ ማጠንከሪያ ተጨምሮበት። ፈጠን ያለ የእግር ጉዞም ይቆጠራል። እያወራችሁ መሄድ ከቻላችሁ፣ መዝፈን ግን ካቃታችሁ መካከለኛው እሱ ነው።

ልጅቷን ስፖርት አቁሚ አላልኳትም። ዝላዩን በእርምጃ ቀይራ፣ ጫማ አድርጋ፣ አንድ ቀን እየዘለለች እንድትሠራ ተስማማን። በቀጠሮዋ ስትመጣ ሕመሙ ቀንሶላታል፤ ከታች ያሉት ጎረቤቷም ጣሪያ መደብደብ አቁመዋል።