ካታሎግ የማያውቀው ብስክሌት

የአሜሪካውን ሽዊን ኩባንያ የ1970ዎቹ ካታሎጎች (ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ገጽ በገጽ ያገላበጠ ሰው ቫርሲቲን ያገኛል፣ ስቲንግሬይን ያገኛል፤ «ክላንከር 5» የሚባል ብስክሌት ግን አያገኝም። የድሮ ብስክሌት ሰብሳቢዎች በበኩላቸው ይህ ሞዴል አንድ ትልቅ ፋብሪካ የተራራ ብስክሌት ለመሥራት ካደረጋቸው የመጀመሪያ ሙከራዎች አንዱ ነው ይላሉ። ታዲያ ተመርቷል ወይስ አልተመረተም? ተመርቷል። ሆኖም ከመልሱ ይልቅ ወደ መልሱ የሚያደርሰው መንገድ ነው ትኩረት የሚገባው፤ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ምስክር፣ ማለትም ካታሎጉ፣ ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ ከሁሉ ደካማው ነውና።

ነገሩ የተጀመረው የሽዊን ፋብሪካ በነበረበት በቺካጎ ሳይሆን በካሊፎርኒያ ነው። ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን ባለው በማሪን ካውንቲ የሚኖሩ ወጣቶች በ1970ዎቹ አሮጌ ብስክሌቶችን እየለቀሙ በታማልፓይስ ተራራ ዙሪያ ባሉት ኮረብታዎች ቁልቁል ይነዱ ነበር። እነዚህን የተጠጋገኑ ብስክሌቶች ክላንከር ይሏቸው ነበር። በጥቅምት 1976 በፌርፋክስ ከተማ አጠገብ የጀመሩት ውድድር ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ 400 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርድ ነበር፤ ፔዳል ወደ ኋላ ሲረገጥ የሚይዘው ፍሬን በሙቀት ግራሶው ስለሚያልቅ፣ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ተፈትቶ እንደገና መሞላት ነበረበት። ከሁሉ አብልጠው የሚፈልጉት ቴላዮ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠራውን የሽዊን ኤክሴልሲየር ነበር። በ1895 የተመሠረተው ኩባንያ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ለአዲስ ምርቱ ደንታ የሌላቸው፣ በአርባ ዓመት አሮጌው ግን የሚሻሙ ደንበኞች ነበሩት ማለት ነው። ከእነዚሁ ወጣቶች አንዱ የሆነው ጆ ብሪዝ በ1977 እና በ1978 አሥር ብስክሌቶችን ለዚሁ ሥራ ብሎ ከመነሻው በእጁ ሠራ።

ሽዊን የሰጠው ምላሽ ቁጠባ የተሞላበት ነበር። አዲስ ቴላዮ አልነደፈም፤ በእጁ የነበረውን፣ ቱቦዎቹ በኤሌክትሪክ ግለት ተጣብቀው የሚሠሩትን ከባድ የክሩዘር ቴላዮ ወስዶ ባለ አምስት ማርሽ አደረገው፤ ጥርስ ያለው ጎማ አጠለቀለት፤ ክላንከር 5 ብሎ ሰየመው። ማስታወቂያም ብዙ አልወጣለትም፤ ካታሎግ ውስጥም አልገባም። ከመንገድ ውጭ ብርቱ ግልቢያን መቋቋም አልቻለም። ኩባንያው ስሙን ወደ ስፒትፋየር 5 ቀይሮ ሊያስነሳው ሞክሮ ሳይሳካለት ሲቀር ተወው። የምህንድስና ውድቀቱ ግልጽ ነው፤ እኔ ግን ከዚያ የሚብሰው የመረዳት ውድቀቱ ይመስለኛል፤ የማሪን ወጣቶች ከአሮጌው ኤክሴልሲየር የፈለጉትን ፋብሪካው መልኩን እንጂ ምክንያቱን አልቀዳም።

ካታሎግ ምንድን ነው? ሻጭ ሊሸጠው ያሰበውን ዕቃ አስቀድሞ የሚያስተዋውቅበት ወረቀት ነው። የሐሳብ መዝገብ እንጂ የሥራ መዝገብ አይደለም። የሚታተመው የሽያጩ ዘመን ሳይገባ ስለሆነ፣ በፎቶ ያማረ ሞዴል ከአንድ ናሙና ሳያልፍ ሊቀር ይችላል፤ በዓመቱ መካከል ለሙከራ ተገጣጥሞ ለጥቂት ነጋዴዎች የተላከ ደግሞ ከነጭራሹ ሳይታይ ያልፋል። ስለዚህ ካታሎግ ውስጥ መገኘት መመረትን፣ አለመገኘትም አለመመረትን አያረጋግጥም። «ኩባንያ የሠራውን ዕቃ ለምን ይደብቃል?» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። መደበቅ አይደለም፤ ገና ያላመነበትን ዕቃ በስሙ ፊት አለማቆም ነው። ክላንከር 5 ሲሳካ የሚያስገባው፣ ሳይሳካ ሲቀር በጸጥታ የሚያነሳው ዕቃ ነበር።

ጠንካራው ምስክር ብረቱ ነው። ሽዊን ከ1965 ጀምሮ ቴላዮዎቹ ላይ ያትመው በነበረው ቁጥር መነሻ ያኖራቸው ሁለት ፊደላት ወርና ዓመት ይናገራሉ፤ የመጀመሪያው «ዲ» ከሆነ ሚያዝያ፣ ሁለተኛው «ፒ» ከሆነ 1978 ነው። ይህ ግን ቁጥሩ የታተመበት ቀን እንጂ ብስክሌቱ የተገጣጠመበት አይደለም፤ ቴላዮው ከታተመ በኋላ ፋብሪካው ውስጥ ሊቆይ ይችላል። የመገጣጠሚያው ቀን በፊት ለፊት የስም ሰሌዳ ላይ በአራት አኃዝ ይቀረጽ ነበር፤ 1238 ቢል የ8 ዓመት 123ኛ ቀን ነው፣ የትኛው 8 እንደሆነ የሚወስነው የቴላዮው ፊደል ነው። ሺማኖ የተባለ ኩባንያ የሠራው ማርሽ ከተገጠመለት ደግሞ የራሱን ሁለት ፊደላት ይዟል፤ «ሲ» እና «ቢ» ቢል የካቲት 1978። የካቲት፣ ሚያዝያ፣ ከዚያ 123ኛው ቀን ማለትም ግንቦት 3፤ ክፍሉ ከቴላዮው፣ ቴላዮው ከመገጣጠሙ ሲቀድም ቅደም ተከተሉ የፋብሪካን አሠራር ይከተላል። ማርሹ ከመገጣጠሚያው ቀን በኋላ የተሠራ ሆኖ ከተገኘ ግን አንድ ሰው በኋላ ነካክቶታል።

እዚህ ላይ ከባዱ ተቃውሞ ይመጣል። ክላንከር 5 የተራ ቴላዮና የተለመዱ ክፍሎች ድምር ከሆነ፣ ማንም ሰው ጋራዡ ውስጥ አሮጌ ክሩዘር ላይ ማርሽ ገጥሞ፣ በካቴና መሸፈኛው ላይ ስሙን ለጥፎ «ብርቅዬ ሞዴል» ብሎ ሊሸጥ ይችላል። እውነት ነው። የስም ሰሌዳውም በሁለት ብሎን ብቻ የተያዘ ስለሆነ ከሌላ ብስክሌት ሊዛወር ይችላል። ይህ ግን የሚያሳየው አንድ ብስክሌት ብቻውን ማስረጃ እንደማይሆን እንጂ ሞዴሉ እንዳልተመረተ አይደለም። ባለቤቶቻቸው የማይተዋወቁ፣ በተለያየ ቦታ የተገኙ ብስክሌቶች ቀናቸው በአንድ አጭር ዘመን ውስጥ ሲሰባሰብ፣ ክፍሎቻቸው ሲመሳሰሉ፣ የቀለማቸው እርጅናም ከተለጣፊው ጽሑፍ እርጅና ጋር ሲስማማ፣ አስመሳዮች ሁሉ ተመካክረው ሠሩ ከማለት ፋብሪካው ሠራ ማለት ይቀላል። የቀድሞ ሠራተኞች ትዝታም ቦታ አለው፤ ለምን እንደተሠራ ሲጠየቁ ይጠቅማሉ፣ መቼ የሚለውን ግን ለብረቱ መተው ይሻላል።

የሚገርመው ትንሹ ሠሪ ከትልቁ ፋብሪካ የጠራ ዱካ መተዉ ነው። የብሪዝ የመጀመሪያ ብስክሌት ዛሬ በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ይገኛል፤ አሥሩም በቁጥር ይታወቃሉ። ሽዊን ግን ከ1948 በፊት የነበሩትን የቁጥር መዝገቦች በእሳት አጥቷል፣ በ1992 ኪሳራ አውጆ በዓመቱ ተሽጧል፤ የብስክሌት ስብስቡም በ1997 በኦሃዮ ኒው ብሬመን ወዳለ ሙዚየም ሄዷል። እንዲህ የተበታተነ ቤት ስለ አንድ ያልተሳካ ሙከራ አንድ የተሟላ ደብተር ይሰጠናል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ስለዚህ «ክላንከር 5 የተመረተው ይህን ያህል ብቻ ነው» ብሎ ቁርጥ ያለ ቁጥር የሚጠራ ሻጭ ከገጠማችሁ፣ ዋጋ ከመደራደራችሁ በፊት የቴላዮውን ቁጥር፣ የስም ሰሌዳውንና የማርሹን ፊደላት ፎቶ አንስቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁት።