የአሮጌ ሞተር ቮላኖ ሲላላ

እንደ ጃዋ 250 ያለ አሮጌ የቼክ ሞተር ሳይክል የምትነዱ ልብ በሉ! በሞተሩ ሆድ ውስጥ ሁለት ቮላኖ አለ። ቢየላውን የሚሸከመው ፒን በሁለቱ ቀዳዳ በፕሬስ ተገፍቶ ይገባል። ቡሎን የለውም፤ የያዘው ጥበቱ ብቻ ነው። ፒኑ ከቀዳዳው የሚወፍረው በመቶኛ ሚሊ ሜትሮች ነው። ደጋግሞ ሲወጣና ሲገባ ቀዳዳው ይበላል፤ ቮላኖው ይንሸራተታል፣ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ኩሽኔታውም ያልቃል።

ታዲያ አንዳንዱ መካኒክ "በየድ በየድ እናድርገው" ይላል። እሺ አትበሉ! እሳቱ ያጣምመዋል፤ ነገ ቢየላ ለመቀየርም ያስቸግራል። ደህና ቶርኖ ቤት ሁለቱንም ቀዳዳ ከመሃል እኩል አርቆ ያሰፋና ጫፉ ወፈር ያለ ጠንካራ ፒን ይሠራለታል። ከተገጠመ በኋላ ቀጥ ማለቱ ሰዓት በሚመስለው መለኪያ ይታያል። ዋጋው ከብየዳው ይበልጣል፤ ርካሹ ጥገና ግን መንገድ ላይ ያስቀራል።