ስምንት ፕሮሰሰር፣ አንድ መስኮት

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሌሊት ላይ አንድ ሰርቨር ፊት ተቀምጬ ነበር። ቨርቹዋል ማሽን ነው፤ ስምንት ፕሮሰሰር ተመድቦለታል። ተጠቃሚዎች ግን ከማታ ጀምሮ «ተንቀራፈፈ» እያሉ ይደውላሉ። የፕሮሰሰሮቹን ጫና የሚያሳየውን ስክሪን ስከፍት ከስምንቱ አንዱ መቶ ከመቶ ደርሶ ቀልቷል፤ ሰባቱ ሥራ እንደፈታ ሰው ቁጭ ብለዋል። የኔትወርክ መስመሩ ገና ግማሹ እንኳ አልተያዘም። ሜሞሪውም ተርፏል። ታዲያ ምን ነካው?

ነገሩ የገባኝ ባንክ ቤትን ሳስብ ነው። ስምንት ገንዘብ ከፋይ ተቀጥሮ አንድ መስኮት ብቻ ቢከፈት ወረፋው በር አልፎ አስፋልት ይወጣል።

ቨርቹዋል ማሽን በእጅ የሚዳሰስ ኔትወርክ ካርድ የለውም። ካርዱ በሶፍትዌር የተሠራ ነው፤ እውነተኛው ካርድ ያለው ማሽኑን በጉያው ይዞ በሚያስተናግደው ኮምፒውተር ላይ ነው። በሊኑክስ ዓለም ሁለቱን የሚያገናኘው በሰፊው የታወቀው መንገድ ቨርቲዮ ይባላል፤ አውስትራሊያዊው ፕሮግራመር ረስቲ ረስል በ2008 በጽሑፍ ያስተዋወቀው ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አሠራሩ ቀላል ነው። እንግዳው ማሽንና አስተናጋጁ በጋራ የሚያዩት የሜሞሪ ቦታ አለ፤ እንደ ቀለበት የዞረ፣ ብዙውን ጊዜ 256 ክፍሎች ያሉት። እንግዳው የሚልከውን ፓኬት፣ ማለትም የመረጃ ቁራጭ፣ የት እንዳስቀመጠ እዚያ ይጽፍና አስተናጋጁን ይቀሰቅሳል። አስተናጋጁ ያነሣል፣ ወደ መስመሩ ይለቃል። ለሚገባው ፓኬት ደግሞ ሌላ ቀለበት አለ። ይህ ቀለበት ነው ወረፋው።

መጀመሪያ ላይ ካርዱ አንድ የመላኪያና አንድ የመቀበያ ወረፋ ብቻ ነበረው። ያን ጊዜ ይበቃ ነበር። መስመሩ በሰከንድ 10 ጊጋቢት ሲሆን ግን ሒሳቡ ተለወጠ። ፓኬቶቹ 1,500 ባይት የሚሸከሙ ትልልቆች ከሆኑ በሰከንድ 800 ሺህ ያህል ይመጣሉ። 64 ባይት የሆኑ ትንንሾች ከሆኑ 14.88 ሚሊዮን ናቸው፤ ለአንዱ የሚደርሰው ጊዜ 67 ናኖሰከንድ ነው። በ3 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ፕሮሰሰር በዚያ ጊዜ ውስጥ ልቡ 200 ጊዜ ያህል ይመታል። በ200 ምት ፓኬቱን አንሥቶ፣ መርምሮ፣ ለባለቤቱ ማድረስ በተለመደው የኦፐሬቲንግ ሲስተም መንገድ ለአንድ ፕሮሰሰር እጅግ ከባድ ነው።

ጓደኞቹስ ለምን አያግዙትም? አንድ መቀበያ ወረፋ ያለው አንድ የጥሪ ደወል ነው፤ ደወሉ የጠራው ፕሮሰሰር ሥራውን ይይዛል፣ የቀሩት አይሰሙም። በመላኪያው በኩል ደግሞ ሁሉም መላክ ይችላሉ፤ ግን ቀለበቱ እንዳይበላሽ ቁልፍ አለው፤ አንዱ ሲይዘው ሌላው ቆሞ ይጠብቃል። በአስተናጋጁም በኩል ወረፋውን የሚያራግፈው አንድ ሠራተኛ ብቻ ነበር።

መፍትሔው በ2013 ከሊኑክስ 3.8 ጋር መጣ፤ መስኮቶቹን ማብዛት። ካርዱ ብዙ ጥንድ ወረፋዎች ይይዛል፤ እያንዳንዱ ጥንድ መላኪያና መቀበያ አለው፣ የራሱ ደወል አለው፣ በአስተናጋጁም በኩል የራሱ ሠራተኛ አለው። በቨርቲዮ ደንብ ላይ እስከ 32,768 ጥንድ ይፈቀዳል፤ በተግባር ግን ከፕሮሰሰሮቹ ቁጥር ማለፍ ትርጉም የለውም።

መስኮት ማብዛት ብቻውን ቀላል ነበር። ከባዱ ማን የት ይሰለፍ የሚለው ነው። ፓኬቶቹን እንደ ካርታ በተራ ብናድላቸው የአንድ ፋይል ቁራጮች በተለያየ መስኮት ገብተው ቅደም ተከተላቸው ይዛባል። ፋይሉን የሚያጓጉዘው የግንኙነት ደንብ፣ ቲሲፒ፣ ደግሞ በዚህ ረገድ ድንጉጥ ነው፤ ተቀባዩ «ያኛው አልደረሰኝም» የሚለውን መልስ ሦስት ጊዜ ከደጋገመ ላኪው ፓኬት ጠፋ ብሎ እንደገና ይልካል፣ ፍጥነቱንም ይቀንሳል። ስለዚህ የአንድ ግንኙነት ፓኬቶች ሁሉ በአንድ ወረፋ መሄድ አለባቸው።

ቨርቲዮ ለዚህ ያገኘው ዘዴ እኔን ሁልጊዜ ያስደስተኛል። እንግዳው ማሽን ፓኬት ሲልክ አስተናጋጁ በየትኛው ወረፋ እንደወጣ ያስታውሳል፤ የዚያ ግንኙነት መልስ ሲመጣ በዚያው ጥንድ መቀበያ ያስገባዋል። የላከው ፕሮሰሰር መልሱን ራሱ ይቀበላል፤ ጉዳዩም ገና ከካሹ፣ ከፕሮሰሰሩ የቅርብ ሜሞሪ፣ ሳይወጣ ይደርሰዋል። በወጣህበት በር ግባ እንደማለት ነው።

በነጻ አይደለም ታዲያ። ስምንት ጥንድ ሲከፈት የደወሎቹ ቁጥር ወደ 18 ይደርሳል፤ ለየጥንዱ ሁለት ሁለት፣ ለመቆጣጠሪያው አንድ፣ ለቅንብር ለውጥ አንድ። ለየቀለበቱም ሜሞሪ ይያዛል። ትራፊኩ ጥቂት ከሆነ ደግሞ በአንድ ወረፋ ተጠራቅሞ በአንድ ጥሪ ያልቅ የነበረው ሥራ ስምንት ቦታ ይበተንና በየቦታው ሲቀሰቅስ ይውላል። «በዛ ያለ ይሻላል» ብሎ ሁሉንም ማሽን በስምንት ወረፋ መሙላት የስንፍና ሥራ ነው።

ወደዚያ ሌሊት ልመለስ። የአስተናጋጁን ቅንብር ሳይ የወረፋው ቁጥር ማንም ሳይነካው አንድ ላይ ቀርቷል። ስምንት አድርጌ ማሽኑን አጥፍቼ አስነሣሁ። ስክሪኑን ስመለከት አሁንም አንዱ ብቻ ቀይ ነው። ለካ በዘመኑ የነበረው ድራይቨር፣ ካርዱ ስምንት መስኮት ቢሰጠውም፣ ካላዘዙት ከአንዱ በቀር አይከፍትም ነበር፤ በኋላ የመጡት ራሳቸው እንደ ፕሮሰሰሩ ቁጥር ይከፍታሉ። ኢትቱል በሚባለው የካርድ ማስተካከያ ፕሮግራም አንድ መስመር ትእዛዝ ስጽፍለት በስክሪኑ ላይ የስምንቱም ፕሮሰሰሮች ዘንጎች አንድ ላይ ከፍ አሉ። አንዱም ግን ከግማሽ አላለፈም። የስልኩ ጥሪም ቆመ።

ሌሊቱን ሙሉ የሚገለበጠው ባክአፕ ግን ምንም አልፈጠነም። አንድ ግንኙነት፣ አንድ ትልቅ ፋይል፤ በአንድ ወረፋ ተሰልፎ እስኪነጋ ድረስ ያዘግም ነበር።