«ጫጫታ» ወይስ «ጎጂ ድምፅ»? በእርሻ ሥራ ስለሚደርስ የመስማት ጉዳት የቃላት አመራረጥ

በሑመራ የሰሊጥ ማሳም ሆነ በመተሐራ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ትራክተር የሚነዳ ሰው ጆሮውን እንዲጠብቅ የሚያሳስብ መመሪያ ወደ አማርኛ ሲተረጎም፣ አራት ፅንሰ ሐሳቦች ተርጓሚውን ያስቸግሩታል። በዚህ ጉዳት የጠፋ መስማት ተመልሶ ስለማይገኝ፣ የተርጓሚው ስሕተት ዋጋ የሚከፈለው በነጂው ጆሮ ነው።

ሀ) ጫጫታ፦ ቃሉ የሕፃናትን ወይም የገበያን ሁካታ ያመለክታል። ቀኑን ሙሉ በአንድ ዓይነት ድምፅ የሚያጓራ ሞተር ግን «ይንጫጫል» አይባልም። «ከጫጫታ ተጠበቁ» የሚለውን ያነበበ ነጂ ነገሩ እርሱን የሚመለከት አይመስለውም። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጣው 148ኛው ስምምነት ፅንሰ ሐሳቡን የሚበይነው በጉዳቱ ነው፤ ይኸውም መስማትን ሊጎዳ ወይም ለጤና ጠንቅ ሊሆን የሚችል ድምፅ ሁሉ ማለት ነው። ስለሆነም «ጎጂ ድምፅ» ይሻላል።

ለ) ድንቁርና፦ ቃሉ ዛሬ በይበልጥ አለማወቅን ስለሚያመለክት ስድብ ይሆናል፤ «መስማት መሳን»ም ፈጽሞ አለመስማትን ያሳስባል። ጉዳቱ ግን አዝጋሚ ነው። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ፀጉር መሰል ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም፤ በመጀመሪያ የሚደክመውም ቀጫጭን ድምፆችን የመስማት ችሎታ ነው። ሰውየው አናባቢዎቹን እየሰማ «ሠራ»ን ከ«ፈራ» መለየት ይቸግረዋል፤ «እሰማለሁ፣ ግን አይለይልኝም» ይላል። ለዚህ «የመስማት መቀነስ» ተስማሚ ነው። ከጉዳቱ ጋር ለሚመጣው የጆሮ ጩኸትም፣ ሕዝቡ «ጆሮዬ ጭው አለብኝ» ስለሚል «የጆሮ ጭውታ» ቢባል ይገባዋል።

ሐ) ዴሲቤል፦ ቃሉ እንዳለ ይወሰድ፤ ቁጥሩ ግን ማብራሪያ ይሻል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም የሚመክረው ወሰን ለ8 ሰዓት 85 ዴሲቤል ነው፤ 88 ሲሆን 4 ሰዓት፣ 91 ሲሆን 2 ሰዓት ብቻ ይፈቀዳል። «በ3 ብቻ ጨመረ» ብሎ የሚጽፍ ተርጓሚ እጥፍ የሆነውን የድምፅ ኃይል ያሳንሳል።

መ) መከላከያ፦ በጆሮ ቀዳዳ የሚገባውን «የጆሮ ውታፍ»፣ ጆሮን ከውጭ የሚከድነውን «የጆሮ መሸፈኛ» ብሎ መለየት ያስፈልጋል። ሁለቱን «መሸፈኛ» ብሎ መጠቅለል፣ ውታፉ በሚገባ ካልገባ እንደማይከላከል ይሰውራል። ጥጥ መወተፍ ብቻውን እንደማይበቃም አብሮ ይጻፍ።

መመሪያው ከመታተሙ በፊት ለነጂዎች ተነብቦ «ይህ እናንተን ይመለከታልን?» ተብሎ ይጠየቅ። መልሱ «አይመለከተንም» ከሆነ፣ ሊታረም የሚገባው ትርጉሙ ነው።