ቢጫዋ መብራት በራች ብለው ኪስዎን አይክፈቱ!

አንድ ወጣት የታክሲ ሹፌር የዕቁብ ብሩን ለኦክስጅን ሴንሰር ከሰከሰው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የሞተር ቅርጽ ቢጫ መብራት ግን በሦስተኛው ቀን ተመልሳ ቦግ! መካኒኩም «ሁለተኛውም ሄዷል» አለው። ለመሆኑ ሁለተኛው የቱ ነው? ልጁ አልጠየቀም።

እርስዎ ግን ይጠይቁ። የዛሬዎቹ የቤንዚን መኪኖች አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ሁለት ሴንሰር አላቸው። የመጀመሪያው ለሞተሩ ቅርብ በሆነው የጭስ ቱቦ ላይ፣ መርዛማውን ጭስ ከሚያጣራው ካታሊስት በፊት ይገኛል። ጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን እየለካ ለኮምፒውተሩ «ቤንዚን ጨምር፣ ቀንስ» የሚለው እሱ ነው። ሁለተኛው ከካታሊስቱ በኋላ ተቀምጦ፣ ካታሊስቱ ሥራውን መሥራቱን የሚጠብቅ ዘበኛ ነው። እናም ካታሊስቱን አስወልቀው ከሸጡት ዘበኛው መጮሁ አይቀርም። አዲስ ሴንሰር ቢገዙለትም ያው ነው!

በኮምፒውተር ሲመረመር የሚወጣውን ቁጥር ይጻፉት። ፒ0135 የመጀመሪያው ሴንሰር ማሞቂያ መስመር ላይ ችግር አለ ማለት ስለሆነ ፊውዙና ሽቦው ጭምር ይታይ። (ሴንሰሩ ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ካልጋለ በወጉ አይሠራም፤ ማሞቂያ የተሰጠውም ለዚህ ነው።) ፒ0420 ከሆነ ጥርጣሬው ካታሊስቱ ላይ ነው። ፒ0171 ደግሞ ከአየሩ አንጻር ቤንዚኑ አንሷል ይላል፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ከሴንሰሩ በፊት ያለው ጋስኬት ከተቃጠለ ወይም ቱቦው ከተሰነጠቀ የውጭ አየር ሾልኮ ይገባል። ሴንሰሩ ያየውን ኦክስጅን በሐቅ ይናገራል፣ ኮምፒውተሩ ተታሎ ቤንዚን ይጨምራል፣ እርስዎ ማደያ ይመላለሳሉ። ምስኪኑ ሴንሰር ምን አጠፋ? የልጁም ጉዳይ በመጨረሻ አንድ የተቃጠለ ጋስኬት ሆኖ ተገኘ።

ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ አስነስተው ያድምጡ። ቱቦው አካባቢ «ጠክ ጠክ» የሚል ድምፅ ከሰሙ ወይም መጋጠሚያው ላይ ጥላሸት ካዩ መጀመሪያ እሱ ይጠገን። በእጅዎ ግን እንዳይነኩት!

መብራቷ ብልጭ ድርግም የምትል ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ካንዴላ ወይም ኮይል እየሳተ ሊሆን ይችላል፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን ካታሊስቱን ያነደዋል። ፍጥነት ቀንሰው ዳር ይያዙ።

አምፖሏን ነቅሎ መኪና የሚሸጥም አለ፣ ጉድ እኮ ነው! ያገለገለ መኪና ሊገዙ ከሆነ ቁልፉን ከፍተው፣ ሞተሩን ሳያስነሱ ዳሽቦርዱን ይመልከቱ። ቢጫዋ ያን ጊዜ በርታ መታየት አለባት፤ ካልበራች ባለቤቱን ለምን ይበሉት።