ዘግይቶ የመጣ የፈረስ ፍቅር

ከደሴ ወደ ወልዲያ የሚወስደው መንገድ ሐይቅ ከተማን አልፎ ወደ ውጫሌ ሲያቀና የአምባሰል ተራሮች ከፊት ይደቀናሉ። መኪና በማይደርስበት ገደላማ አገር ፈረስና በቅሎ ዛሬም እህል ይጭናሉ። በዚህ አካባቢ ተወልዶ፣ ፈረስ እያየ አድጎ፣ ከጭነት ባሻገር ግን ልብ ሳይለው አርባና ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው ጥቂት አይሆንም። ለትምህርት ብሎ ከተማ የቀረውማ ኮርቻ ላይ ወጥቶም አያውቅ ይሆናል። እንዲህ ያለው ሰው በጎልማሳነቱ ፈረስ መውደድ ቢጀምር «አሁን ደግሞ ምን ነካው?» መባሉ አይቀርም። ለመሆኑ ፈረስና ሰው የሚግባቡት በምንድን ነው? ለመግባባቱስ ዕድሜ ያልፋልን?

ፍቅሩ ለአገሩ እንግዳ አይደለም። ከጣሊያን ጋር ያጣላን ውል በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው እዚያው ውጫሌ ሲሆን፣ በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ የወሎን ፈረሰኞች የመሩት ራስ ሚካኤል በፈረስ ስማቸው አባ ሻንቆ ይባሉ ነበር። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ ነበሩ። ጀግናን በፈረሱ ስም መጥራት በምን ያህል አገር እንደሚገኝ እንጃ! በአዊም በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል።

ወደ ሳይንሱ እንመለስ። ፈረስ በአዳኝ አራዊት ሲታደን የኖረ እንስሳ ነው፤ አካሉም ይህንኑ ይመሰክራል። ዓይኖቹ በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ በመቀመጣቸው ዙሪያውን ወደ 350 ዲግሪ ገደማ ያያል። የማያየው በቀጥታ ከኋላው ያለውንና ከግንባሩ ፊት ያለውን ጠባብ ስፍራ ነው። ስለዚህ ከጀርባው ድንገት የሚቀርበው ሰው ቢረገጥ ፈረሱን «ክፉ» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ከዓይኑ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን የሰውን ሁኔታ የሚከታተልበት ጥንቃቄ ነው። ከአንድ መቶ ዓመት በፊት በበርሊን ቪልሄልም ፎን ኦስተን የተባሉ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር በስተርጅናቸው ሐንስ የተባለ ፈረስ ይዘው ሒሳብ ሊያስተምሩት ዓመታት ደከሙ። ሐንስም መልሱን በኮቴው መሬት እየመታ ይቆጥር ነበር። ኦስካር ፉንግስት የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1907 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ጠያቂው መልሱን በማያውቅበት ወይም ፈረሱ ጠያቂውን ማየት በማይችልበት ጊዜ ሐንስ ይሳሳታል። ፈረሱ ይከታተል የነበረው ትክክለኛው ቁጥር ሲደርስ ጠያቂው ሳያውቀው የሚያደርጋትን ጥቃቅን የራስ እንቅስቃሴ ነበር። አዛውንቱ መምህር በውጤቱ ክፉኛ አዘኑ። በእኔ አስተያየት ግን ያገኙት ነገር ከሒሳቡ ይበልጣል።

በጎልማሳነት ለሚጀምር ሰው የሚጠቅመው ሌላው ምርምር የስዊድን ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመው ጥናት ሰዎች ፈረስ እየሳቡ ወይም ተቀምጠው በአንድ መንገድ ደጋግመው እንዲያልፉ ተደረገ። በአራተኛው ዙር ጃንጥላ በድንገት እንደሚዘረጋ ተነገራቸው፤ ጃንጥላው ግን ጨርሶ አልተዘረጋም። ሆኖም የሰዎቹ የልብ ምት ሲጨምር የፈረሶቹም ጨመረ፤ ለፈረሶቹ ግን ማንም ምንም አልነገራቸውም! ልጅ መውደቅን እምብዛም አያስብም፤ የሃምሳ ዓመት ሰው ግን አጥንቱን ያስባል፤ ፍርሃቱም በዛቡ በኩል ይተላለፋል። ስለሆነም ጎልማሳው ጀማሪ ከሁሉ አስቀድሞ ሊገራ የሚገባው የራሱን ትንፋሽ ነው። በአንጻሩ ትዕግሥት አለው፤ ፈረስ ማሠልጠን ደግሞ ትዕግሥትን ይሻል። ልጓም የሚያርፈው በፊት ጥርሶችና በመንጋጋዎች መካከል ባለው ጥርስ አልባ ድድ ላይ ነው። ፈረሱ ትእዛዝ የሚማረው ዛቡ ሲሳብ ሳይሆን፣ እንደታዘዘ ወዲያው ሲላላለት ነው። ዘወትር ተገትሮ የሚያዝ ፈረስ ሕመሙን እንጂ ሌላ ምንም አይማርም።

የወደዱትን ማቆየት ሌላ ዕውቀት ይጠይቃል። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለው የቫይረስ ሕመም በአገራችን የቆየ ነው። ትኩሳት ያስይዛል፤ ከዓይን በላይ ያለውን ስፍራ ያሳብጣል፤ ሳንባን በፈሳሽ ሲሞላ አረፋ በአፍንጫ ይወጣል። መከላከያ ከሌላቸው ፈረሶች መካከል ከ100 እስከ 90 የሚደርሱት ሊሞቱ ይችላሉ፤ በቅሎና አህያ የተሻለ ይቋቋሙታል። አስተላላፊዎቹ ከወባ ትንኝ እጅግ የሚያንሱ፣ እርጥብ አፈር የሚስማማቸው፣ ከምሽት እስከ ንጋት የሚናከሱ ነፍሳት ናቸው። እንደ ሐይቅ ባለ የውኃ ዳርቻ ፈረስን ሌሊት ሜዳ ላይ አስሮ ማሳደር አደጋው ግልጽ ነው፤ ሳይመሽ በረት ማስገባት ይበጃል። ፈዋሽ መድኃኒት የለውም፤ ክትባት ግን ቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይመረታል። ቫይረሱ ዘጠኝ ዓይነት በመሆኑ አንዱን የሚከላከል ክትባት ሌላውን ላይከላከል ይችላል። ባለ ፈረሱም ከክረምቱ በፊት ወደ ወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ ሲሄድ የሚሰጠው ክትባት ለየትኛው ዓይነት እንደሆነ ይጠይቅ።