ተጨማሪ መረጃ፦ ፍርስራሽ ሁሉ አይጣልም

አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ ቤት ሲፈርስ ቆርቆሮው፣ በርና መስኮቱ፣ የጣሪያው እንጨት ተለቅመው ለሽያጭ ይቀርባሉ። መርካቶ ያለው ምናለሽ ተራ በእንዲህ ያለ ያገለገለ ዕቃ የታወቀ ነው፤ ቆራሌውም የድርሻውን ይሰበስባል። ዕቃው ሳይቀልጥና ሳይፈጭ እንዳለ ስለሚያገለግል ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም።

ችግሩ ገዢ የማያገኘው ኮንክሪትና ብሎኬት ነው። ብዙ ጊዜ ጉድጓድ ይሞላበታል፤ ባስ ሲልም ወንዝ ዳር ይደፋል። ኮንክሪት ግን በማሽን ተፈጭቶ፣ ፌሮው በማግኔት ተለይቶ፣ በወንፊት ከተነፋ በኋላ ለመንገድ መሠረት የሚሆን ጠጠር ይወጣዋል። ከተፈጥሮ ጠጠር ጋር ተቀላቅሎ ለአዲስ ኮንክሪትም ይውላል፤ የተጣበቀበት አሮጌ ሞርታር ውሃ ስለሚመጥጥ ግን የውሃው መጠን መስተካከል አለበት። ጄሶ ከገባበት ደግሞ ሰልፌቱ ኮንክሪቱን ሊያሰነጥቀው ይችላል። መለየት የሚገባው እንግዲህ እዚያው ቤቱ በሚፈርስበት ቦታ ነው፤ ከተደባለቀ በኋላ ማንም አይለቅመውም።

የአውሮፓ ኅብረት በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ አባል አገራት እስከ 2020 ድረስ አደገኛ ካልሆነው የግንባታና የፍርስራሽ ቆሻሻ ቢያንስ 70 በመቶውን መልሰው እንዲጠቀሙበት ጠይቋል። ለጉድጓድ መሙያ የዋለውም በዚሁ ስለሚቆጠር ሙገሳው በልክ ይሁን!

ጥንቃቄ፦ በቆዩ ሕንፃዎች ላይ የሚገኝ የአስቤስቶስ ክዳን ሲሰበር የሚወጣው ብናኝ የሳንባ ካንሰር ያስከትላል። አትስበሩት፤ ከሌላ ፍርስራሽ ጋርም አትቀላቅሉት።